አንድ ግራፊክስ ካርድ ለብዙ ሰው እንዴት ሊበቃ ቻለ

ታሪክ ሲባል የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እኛ ግን ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ከታሪክ ክፍለ ትምህርት አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ የአንድ ዕቃን ታሪክ መረጥን። ዕቃውም በኮምፒዩተር ውስጥ ሥዕል የሚሥለው፣ ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ክፍል ነው። ለአንድ ኮምፒዩተርና ለአንድ ተጠቃሚ ተብሎ የተሠራው ይህ ካርድ በምን ብልሃት ለሰባትም ለሠላሳ ሁለትም ሰው ሊካፈል እንደ ቻለ፣ በመንገዱም ላይ ምን እንቅፋት እንደ ገጠመው በተቻለን መጠን እንተርካለን። ያነሣናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን የሰፈራችን ነገር ነው። ቂሊንጦ ሲባል የከተማው ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው፤ የት ነው የምትማሩት ተብለን ስንመልስ ጠያቂው ፊቱን ሲለውጥ ብዙ ጊዜ አይተናል። ነገር ግን በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው ሜዳ ላይ፣ በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው ካቋቋማቸው የልህቀት ማዕከላት አንዱ ከፍተኛ አቅም ባላቸው ኮምፒዩተሮች ስለሚደረግ ስሌትና ስለ ትልቅ ዳታ ትንተና የሚመራመር ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው ስሌት ዛሬ በብዛት የሚካሄደው በግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱም ለአገራችን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ እየገዙ ማደል የሚታሰብ አይደለም። በእኛ የኮምፒዩተር ክፍል እንኳ ለአንድ መሣሪያ ሦስት ተማሪ ይደርሳል፤ አንዱ ቁልፉን ሲነካ ሁለቱ በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ስለዚህ አንዱን ለብዙ ማካፈል የሚለው ጉዳይ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ማካፈል ራሱ በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2016 እንደገና ማመንጨት ጀምሯል። ከአንድ ማመንጫ የሚወጣው ኃይል ወደ ብዙ ቤት ሲገባ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አምፖሉን የሚያበራው ጎረቤቱን ሳያስፈቅድ ነው። በ1961 ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም የ100ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር፣ ጆን ማካርቲ የተባለው ሊቅ ባደረገው ንግግር የኮምፒዩተርም አገልግሎት አንድ ቀን እንደ ስልክ ለሕዝብ የሚታደል ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። የትምህርት ቤት በዓል ንግግር ሁሉ በማግሥቱ የሚረሳ እንዳልሆነ ይህ አንድ ምስክር ነው።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አንድ ትልቅ ክፍል የሚሞላ መሣሪያ ነበር። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሥራውን በተበሳ ካርድ አድርጎ ለሠራተኞች ያስረክብና ውጤቱን ለማየት ሰዓታትን፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። በዚሁ በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ በኤም.አይ.ቲ. ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት ለሰው አሳዩ። መሣሪያው ለአንዱ ተጠቃሚ ጥቂት ቅጽበት፣ ለሌላውም ጥቂት ቅጽበት እየሰጠ በፍጥነት ስለሚዞር፣ ሁሉም በየመቀመጫው ሆኖ ኮምፒዩተሩ የራሱ ብቻ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ከዚህ የጠለቀ ነበር። በማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ በነበረው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ሮበርት ክሪሲ የመራው ቡድን ሲ.ፒ.40 የተባለውን ሥርዓት ሠርቶ በጥር 1967 ሥራ አስጀመረ። ይህ ሥርዓት ለተጠቃሚው ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሙሉ ኮምፒዩተር የሚመስል ነገር ይሰጠዋል፤ በአንድ መሣሪያ ውስጥ እስከ 14 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ናቸው ቨርቹዋል ማሽን የተባሉት። አካል የላቸውም፤ ነገር ግን በውስጣቸው የሚሠራው ፕሮግራም ያንን አያውቅም። በ1972 አይ.ቢ.ኤም. ሐሳቡን ቪ.ኤም.370 ብሎ ለደንበኞቹ አቀረበ።

መሐንዲሶች እውነተኛውን ኮምፒዩተር ሆስት፣ በውስጡ ያሉትን ቨርቹዋል ማሽኖች ደግሞ ጌስት ይሏቸዋል፤ ባለቤትና እንግዳ ማለት ነው። በመካከል ቆሞ የሚያስተናግደው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። እኛ በጥንቱ የግብር አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባና ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ሹም እያሰብን በዚህ ጽሑፍ አጋፋሪ ብለነዋል። ሥራውም በእርግጥ የአጋፋሪ ሥራ ነው። እንግዳው በሚደምርበትና በሚያባዛበት ጊዜ አጋፋሪው ጣልቃ አይገባም፤ ሥራው በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ ይሮጣል። የቤቱን ንብረት የሚነካ ትእዛዝ ሲሰጥ ግን፣ ለምሳሌ በዲስክ ላይ ልጻፍ ሲል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ አስቁሞ ጉዳዩን ለአጋፋሪው ያቀርባል። አጋፋሪው ትእዛዙን መርምሮ የሚገባውን ይፈጽምለትና ምንም እንዳልተደረገ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ ለዚህ ሥርዓት ሦስት መመዘኛ አወጡ፤ እንግዳው በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚያደርገውን ማድረግ አለበት፣ ንብረቱ ሁሉ በአጋፋሪው ሥልጣን ሥር መሆን አለበት፣ አብዛኛውም ሥራ ያለ አጋፋሪው ጣልቃ ገብነት መፈጸም አለበት። አንባቢያችን እነዚህን ሦስት ነጥቦች እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ግራፊክስ ካርዱ ያስቸገረው በሦስቱም ነውና።

ኮምፒዩተር በየጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሐሳቡ ለጊዜው ተዘነጋ። የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር አንዳንዱን የባለቤትነት ትእዛዝ ለአጋፋሪው ሳያመለክት በዝምታ የሚያልፍ ስለ ነበረ፣ ሥራውን ዳግም ለማስጀመር ብዙ ተለፍቷል። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 በብልሃት ዘለቀው፤ ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 ፕሮሰሰሮቻቸውን ለዚሁ ተግባር አመቻቹ፤ በ2007 ደግሞ ኬቪኤም የተባለው አጋፋሪ የሊኑክስ አካል ሆነ። ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ዲስክ በዚህ ዓይነት ተካፈሉ። የቀረው የሥዕሉ ካርድ ነበር።

ስለ ካርዱ ጥቂት እንበል። ነገሩ ለፊደላችንም የሚነካ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1987 ያወጣው ቪ.ጂ.ኤ. የተባለው ካርድ በጽሑፍ ገጹ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የፊደል ቅርጽ 256፣ ቢበዛም 512 ነበር። ለላቲን ፊደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእኛ 33 ፊደላት ግን በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩባቸው ከላቲኑ ጋር ሆነው በ256 ጎተራ አይገቡም። በዚህም ምክንያት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም ለመሥራት የተነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፊደሉን እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ ማሣል ነበረባቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ አወጣ፤ ይህ ካርድ የሥዕሉን ስሌት ከዋናው ፕሮሰሰር ትከሻ ላይ አውርዶ በራሱ ይሠራ ነበር።

ሥዕል ለመሣል የሚደረገው ስሌት ቀላል ነው፤ ብዛቱ ግን ለጉድ ነው። ስለዚህ ካርዱ በጣም ብዙ ትናንሽ አስሊዎችን ጎን ለጎን አሰልፎ ይይዛል። ሰዎች ይህን ሠራዊት ከሥዕል ውጭ ላለ ስሌትም ለማዝመት ፈለጉ፤ ኤንቪዲያ በ2007 ኩዳ የተባለውን መሣሪያ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰጠ። በ2012 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን፣ እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላቸው ሁለት የጨዋታ ካርዶች ብቻ ኮምፒዩተር ፎቶግራፍ እንዲለይ አስተማሩ፤ ትምህርቱ የፈጀው ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ካርዱ የልጆች መጫወቻ መሆኑ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥታት የሚሻሙበት ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እንግዳው ኮምፒዩተር ካርድ መኖሩን በምን ያውቃል? ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ስም መጥራት ነው፤ መምህር ጠዋት ስም እንደሚጠራው ያለ። ፒ.ሲ.አይ. በተባለው ሥርዓት መሠረት በየሶኬቱ ላይ ያለው ዕቃ ሁለት ቁጥር መልስ ይሰጣል፤ አንዱ የሠሪው ኩባንያ፣ ሁለተኛው የዕቃው ዓይነት ነው። ሶኬቱ ባዶ ከሆነ የሚመለሰው ሁሉም ቢት አንድ የሆነ ቁጥር ነው፤ እንደ «ቀሪ» ይቆጠራል። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች ላይ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ጨምሮ በሚቆጥር ዘዴ ይጻፋሉ። የኤንቪዲያ ቁጥር 10ዲኢ ነው። የኢንቴል ቁጥር 8086 ሲሆን ይኸውም በ1978 ያወጣው የታወቀ ፕሮሰሰር ስም ነው። ከስም ጥሪው በኋላ ኮምፒዩተሩ ዕቃው የሚፈልገውን የሜሞሪ ስፍራ ይመድብለታል፤ ቁጥሩን አይቶም ድራይቨር የተባለውን ተስማሚ ፕሮግራም ይጭናል።

ለእንግዳ ኮምፒዩተር ግን ይህ ስም ጥሪ የሚደረገው በአጋፋሪው ፊት ነው። እንግዳው «በዚህ ሶኬት ማን አለ?» ሲል ጥያቄው ወደ እውነተኛው ዕቃ አይደርስም፤ መልሱን የሚሰጠው አጋፋሪው ነው። አጋፋሪውም የወደደውን ሊመልስ ይችላል። ይህን በዓይናችን ለማየት ከክፍላችን ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን ፕሮግራም ጭነን አንድ እንግዳ አስነሣን። በሆስቱ ላይ ካርዱ 8086 ብሎ ሲመልስ፣ በእንግዳው ውስጥ ያገኘነው ካርድ ግን ሠሪው 80ኢኢ፣ ዓይነቱም ቢኢኢኤፍ የሚል ነበር። አራቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲነበቡ «ቢፍ»፣ ማለትም የበሬ ሥጋ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ካርድ በየትም ሱቅ አይሸጥም። መሐንዲሶቹ በሥራቸው መካከል ሲሣሣቁ የተዉት ቀልድ ነው ብለን አምነናል።

ይህ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ የሌለ ካርድ እንዳለ አድርጎ ማሳየት። ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የተባለው ፕሮግራም እስከ 2014 ድረስ ለእንግዶቹ በተለምዶ የሚያሳየው ሲረስ ሎጂክ የተባለ ኩባንያ በ1990ዎቹ የሠራውን ካርድ ነበር። እንግዳው በዘመኑ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ የያዘው ካርድ ግን የአሮጌ ዘመን ይመስለዋል። ለጽሑፍና ለመስኮት ይህ ይበቃል። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ሁሉ በካርዱ ፈንታ የሚሥለው ዋናው ፕሮሰሰር ስለ ሆነ፣ እንግዳው ከባድ ሥዕል ሲያዝ ሁሉም ነገር ይጎተታል። እውነተኛው ካርድ ደግሞ አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እውነተኛውን ካርድ ማካፈል ለምን አስቸገረ? አንደኛው ችግር ካርዱ ለፕሮሰሰሩ የማይታዘዝ፣ በራሱ የሚሄድ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ሥራውን ከተቀበለ በኋላ ከሜሞሪ ራሱ ያነባል፣ በሜሞሪ ላይ ራሱ ይጽፋል። እንግዳው የሚያውቀው የሜሞሪ አድራሻ ደግሞ አጋፋሪው የሰጠው የይስሙላ አድራሻ ነው። በእንግዳው አሳብ መቶኛው ክፍል የሆነው በእውነቱ የዘጠኝ መቶኛው ሊሆን ይችላል። ካርዱ ይህን ስለማያውቅ መቶኛውን ክፍል ቢከፍት የሌላ እንግዳ ቤት ገብቶ ያበላሻል። ሁለተኛው ችግር የካርዱ የውስጥ አሠራር የኩባንያው ምሥጢር መሆኑ ነው፤ አጋፋሪ ደግሞ ትእዛዙን ካላወቀ ሊመረምር አይችልም። ሦስተኛው የትእዛዙ ብዛት ነው፤ እያንዳንዱን እያስቆሙ ልመርምር ቢባል ፍጥነቱ ሁሉ በበሩ ላይ ያልቃል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት በ2000ዎቹ መጨረሻ ቪኤምዌርና ቨርቹዋልቦክስን የመሳሰሉት የመረጡት መንገድ መልእክተኛ ማቆም ነበር። በእንግዳው ውስጥ የሚቀመጠው ድራይቨር «ይህን ሦስት ማዕዘን ሣል፣ ይህን ቀለም ቀባ» የሚለውን ትእዛዝ ሰብስቦ ለሆስቱ ይልካል፤ ሆስቱ በእውነተኛው ካርድ ሥሎ ሥዕሉን ይመልሳል። ለብዙ እንግዶች በአንድ ጊዜ ማገልገል የሚችል መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን መልእክተኛው የሚያውቀው የተማረውን ቋንቋ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ለስሌት የሚፈልገውን ኩዳን የመሰለ ትእዛዝ አያደርስለትም።

ሌላው መንገድ ካርዱን ጨርሶ ለአንዱ እንግዳ አሳልፎ መስጠት ነው። ይህ የተቻለው በሜሞሪውና በካርዱ መካከል ሌላ በረኛ ከቆመ በኋላ ነው። አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የተባለው ይህ ክፍል ካርዱ የሚጠራውን የይስሙላ አድራሻ ወደ እውነተኛው ይተረጉማል፤ ያልተፈቀደለትን ቢጠራ ይከለክለዋል። በ2012 ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለው የሊኑክስ ክፍል ይህን ለማንም ሰው በሚመች ሁኔታ አቀረበው። ሆስቱ ካርዱን ከራሱ ድራይቨር አላቅቆ ይተዋል፤ በእንግዳው ስም ጥሪ ላይ ያን ጊዜ የሚመልሰው እውነተኛው ቁጥር 10ዲኢ ይሆናል፤ እንግዳውም የካርዱን ፍጥነት ከሞላ ጎደል ያለ ጉድለት ያገኛል። ሆስቱ ግን በዚያ ካርድ የራሱን ገጽ እንኳ ማየት ስለማይችል ሌላ ካርድ ያስፈልገዋል። ሙክቱን በሙሉ ለአንድ እንግዳ አቅርቦ ሌላውን በባዶ ሰሐን እንደ ማስቀመጥ ነው።

በዚህ ስፍራ ታሪኩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ወደ ገበያ ይገባል። ብዙ ሰዎች በርካሽ የገዙትን የጂፎርስ ካርድ በቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. ለእንግዳ ሲሰጡ፣ በዊንዶውስ እንግዳ ውስጥ «ኮድ 43» የሚል የስሕተት መልእክት እየወጣ ካርዱ አልሠራ አለ። ካርዱ አልተበላሸም። የኤንቪዲያ ድራይቨር በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ባወቀ ጊዜ አልሠራም ይል ነበር፤ ኩባንያው ለዚህ አገልግሎት የፈቀደው በውድ ዋጋ የሚሸጣቸውን የባለሙያ ካርዶች ነበርና። ድራይቨሩ የሚያውቅበት ዘዴም ግልጽ ነው፤ እንግዳው ፕሮሰሰሩን «አጋፋሪ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ኬቪኤም ስሙን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ «ኬቪኤም ኬቪኤም ኬቪኤም» ብሎ ይመልሳል። ሰዎቹም አጋፋሪውን ዝም በል፣ ስምህንም ለውጥ አሉት። ያን ጊዜ ካርዱ ሠራ። ይህ ድብብቆሽ ለዓመታት ቆይቶ ኩባንያው በ2021 ክልከላውን አነሣ። እኛ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እጅግ ያስገረመን ይህ ነው። አድራሻውን የመተርጎም ችግር የእውነት ችግር ነበር፤ ሊቃውንት ለፍተው ፈቱት። ኮድ 43 ግን ሰው ሆን ብሎ ያኖረው ችግር ነው። ብዙ ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሚከብድ ወላጆቻችን ይፍረዱ።

ካርዱን ለአንድ መስጠት ሲቻል፣ ለብዙ መክፈል ደግሞ ተከተለ። በ2013 ኤንቪዲያ ግሪድ ኬ1 በተባለው ካርዱ ላይ ቨርቹዋል ካርድ የተባለውን ዘዴ አቀረበ። በዚህ ካርድ ላይ አራት የሥዕል ፕሮሰሰሮች፣ በጠቅላላው 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖሩ፣ እስከ 32 ሰው በአንድ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ሜሞሪው ለእያንዳንዱ በቁርጥ ይሰጣል፤ የስሌቱ ሠራዊት ግን በተራ ያገለግላል። በሩን የሚጠብቀው ከኩባንያው የመጣ፣ የካርዱን ምሥጢር የሚያውቅ ፕሮግራም ስለ ሆነ ሁለተኛው ችግር ተቃለለ። ሆኖም ከ2015 ጀምሮ ለዚህ ፕሮግራም በተጠቃሚ ቁጥር የፈቃድ ክፍያ ተጠይቋል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2016 ባወጣው ፋየርፕሮ ኤስ7150 ሌላ ዘዴ ተከተለ፤ ካርዱ ራሱ በስም ጥሪ ጊዜ እስከ 16 በሚደርስ ስም «አቤት» ይላል። እያንዳንዱም ስም ለአንድ እንግዳ ይሰጣል።

መምህሮቻችን ይህን ሲሰሙ ፕላዝማውን ሳያስታውሱ አልቀሩም። ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በየክፍሉ በተሰቀለ የፕላዝማ ገጽ ይሰጥ ነበር፤ አንድ አስተማሪ በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይናገራል። ያ ደግሞ ማካፈል ነው። ነገር ግን የተካፈለው ሥዕሉ ነው፤ ቂሊንጦም ሆነ ደብረ ታቦር ያለ ተማሪ ያው አንዱን ሥዕል ያያል፤ ያልገባው ተማሪ ቁም ቢለው አይቆምለትም። በግሪድ ኬ1 ዘዴ ግን 32ቱ ሰዎች የሚያዩት 32 ልዩ ልዩ ሥዕል ነው፤ የተካፈለው ሠዓሊው ነው።

በተራ መጠቀም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙትን ገበሬዎች እያሰብን ተከራክረንበታል። ቦዩን በሙሉ ለአንዱ ማሳ በተራ መልቀቅ ይቻላል፤ ቦዩን ቀድዶ ለሁሉም ቀጭን ውኃ በአንድ ጊዜ ማስኬድም ይቻላል። በተራ ሲሆን ተረኛው ውኃውን ሞልቶ ያገኛል፤ ማሳው ሰፊ የሆነ ሰው ከተራው በፊት የሚመጣ ከሆነ ግን የቀሩት ቡቃያቸው ሲጠወልግ ቆመው ያያሉ። በካርዱም ላይ እንዲሁ ነው። አንዱ እንግዳ ረጅም ስሌት ሲጀምር የሌላው ሥዕል ይንተፋተፋል፤ ተራው ሲዘገይም ምን ያህል እንደሚዘገይ አስቀድሞ አይታወቅም።

ቦዩን የመቅደዱ ዘዴ በካርድ ላይ የተፈጸመው በ2020 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው ኤ100 የተባለ ካርድ 54 ቢሊዮን ትራንዚስተር የያዘ ሲሆን፣ ሚግ በተባለ አሠራር እስከ ሰባት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አስሊዎች፣ የራሱ ሜሞሪና ወደ ሜሞሪው የሚያደርስ የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ ጎረቤቱ የቱንም ያህል ቢሠራ የእሱ ፍጥነት አይቀንስም፤ አንዱ ቢሳሳትና ሥራው ቢቋረጥ ስድስቱ አያውቁም። ከ1974ቱ ሦስት መመዘኛዎች ጋር ስናስተያየው ከቀደሙት ዘዴዎች ሁሉ ይበልጥ የቀረበ መስሎ ታይቶናል።

አከፋፈሉ ግን እንደ ዳቦ እኩል የሚቆረስ አይደለም። የካርዱ አስሊዎች በሰባት ይከፈላሉ፤ ሜሞሪው ደግሞ በስምንት። 40 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ኤ100 ለሰባት ሰው ብንከፍለው ለእያንዳንዱ 5 ጊጋባይት ይደርሰውና አንድ የሜሞሪ ክፍል ይተርፋል። ለሁለት ሰው እኩል ብንከፍለው ለእያንዳንዳቸው 20 ጊጋባይትና ሦስት የአስሊ ክፍል ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሜሞሪው አልቆ አንድ የአስሊ ክፍል ሥራ ፈትቶ ይውላል። ለዚያ ለተረፈው ክፍል የሚሆን ሜሞሪ ስለሌለ ለሦስተኛ ሰው እንስጠው ቢባል አይቻልም። ይህን በሰሌዳ ላይ ሠርተን ባየን ጊዜ ክፍላችን በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሰባት ተማሪ ትንሽ ትንሽ ቢያገኝ ይሻላል አለ። ገሚሱ ደግሞ አማርኛን ለኮምፒዩተር ለማስተማር የሚሻ አንድ ተመራማሪ 5 ጊጋባይት ቢሰጡት ምንም አይሠራበትም ብሎ ተከራከረ።

ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ ቀን ቀን ለሰባት ከፍሎ ለተማሪዎች፣ ሌሊት አንድ አድርጎ ለተመራማሪው መስጠት ይቻላል፤ ካርዱ እንደገና ሊከፈልም ሊገጠምም የተሠራ ነው። ነገር ግን ክፍሉን ለማፍረስ በላዩ የሚሠራ ሰው መኖር የለበትም። ማታ ሥራው ያላለቀለት አንድ ተማሪ ቢኖር፣ ወይ እሱ ሥራውን ያቋርጣል፣ ወይ ተመራማሪው እስኪጨርስለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።